እግራቸው ሳይታጠብ ስላደሩት እንግዳ

ለተከበሩ የፌዴራሉ የውኃ ጉዳይ ኃላፊ
ለተከበሩ የክልሉ የውኃ ጉዳይ ኃላፊ
ባላችሁበት

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ጤናችሁ እንደ ወንበራችሁ የጸና እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። ከሁለታችሁ አንዱን በአድራሻው ላይ ማስቀደሜ በሌላው ሥልጣን ጣልቃ እንደ መግባት እንዳይቆጠርብኝም በትሕትና እለምናለሁ።

እኔ በቀበሌ ጸሐፊነት አገልግዬ ጡረታ የወጣሁ የላሊበላ ነዋሪ ነኝ። ለገና በእግራቸው የሚመጡ እንግዶችን በየዓመቱ በግቢዬ አሳድራለሁ። እናቴ ታደርግ እንደነበረው፣ እንግዳው ገና አረፍ ሲል ውኃ በሳፋ አቅርቤ እግሩን አጥባለሁ። ዘንድሮ የሆነውን ግን እንደሚከተለው አመለክታለሁ።

፩. የመንደራችን ቦኖ ውኃ የሚያገኘው ከጉድጓድ ነው። ጉድጓዱን ክልሉ አስቆፈረ፣ ፓምፑን ፌዴራሉ ተከለ፤ ለሁለቱም እግዚአብሔር ይስጥልን። ከመስቀል በኋላ ፓምፑ ሲቆም ከፌዴራል የመጡት ባለሙያ፣ መሬቱ የክልሉ ስለሆነ ሳይጠሩ መግባት የክልሉን ሉዓላዊነት መዳፈር እንደሚሆን በጨዋነት አስረዱን። ከክልል የመጡትም የፌዴራል ንብረት መንካት ከሥልጣን ወሰን ማለፍ እንደሆነ በዚያው ጨዋነት አስረዱን። እንዲህ ያለ መከባበር በትዳር እንኳ አላየሁም። ለጥንቃቄም ሁለቱ በፓምፑ ቤት በር ላይ የየራሳቸውን ቁልፍ አንጠልጥለው ሄዱ። በመንደራችን በጋራ ስለሠራችሁት ስለዚህ ብቸኛ ሥራ ምስጋናዬ የላቀ ነው። ጥገና የሚያውቀው ጎረቤታችን ወንዴ ልሞክረው ቢልም፣ ሁለት መንግሥት ባንድ ጊዜ እንደ መድፈር ይቆጠርብሃል ተብሎ እጁን ሰበሰበ።

፪. በበዓሉ ዋዜማ ውኃ የጫነ ቦቴ በደጃችን አልፎ እናንተ ለበዓሉ መጥታችሁ ወዳረፋችሁበት ሆቴል ሲወጣ አይቻለሁ። የማን ቦቴ እንደሆነ አልጠየቅሁም፤ ወሰን ሳያግደው የሚሄድ ውኃ በአገራችን በመኖሩ ብቻ ተጽናናሁ። በማግሥቱ ስለ ላሊበላ ሕዝብ እንግዳ ተቀባይነት ያደረጋችሁትን ንግግርም በድምፅ ማጉያ ሰምቻለሁ። ቀና ብዬ ግን ማዳመጥ አልቻልኩም።

፫. ቀና ማለት ያልቻልኩበት ምክንያት እማማ ብርቅዬ ናቸው። እኚህ አሮጊት በየዓመቱ ከወገል ጤና በእግራቸው መጥተው እኔ ዘንድ ያርፋሉ። በዚያው ዋዜማ ሲገቡ አቧራው ጉልበታቸው ደርሶ፣ ተረከዛቸው ተሰነጣጥቆ ነበር። በቤቴ የነበረው ከሩቅ ምንጭ በአህያ ያስመጣሁት አንድ ጀሪካን ውኃ ሲሆን፣ እርሱም ለእንግዶቹ ሁሉ መጠጥ የሚበቃ አልነበረም። ከልማድ የተነሣ ሳፋውን አወጣሁና ባዶውን ይዤ ቆምኩ። እማማ አዩኝ። «ተይው ልጄ፣ ዘንድሮ መንገዱ ንጹሕ ነው፤ እግሬም አልቆሸሸ» አሉና እግራቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ። ወደ ቤተ ክርስቲያን እስኪነሡ ድረስም አልገለጡትም።

ክቡራን፣ እኔ አፈርኩ። እስከ ዛሬም የእናቴን ሳፋ ባየሁ ቁጥር አፍራለሁ። ሕገ መንግሥታችን የሉዓላዊ ሥልጣን ባለቤቶች እኛ ሕዝቦች ነን ይላል፤ በዚህ ሁሉ ሥልጣኔ ግን አንድ ሳፋ ውኃ መሙላት አቃተኝ። አንዲት አሮጊት እኔ እንዳላፍር ብለው በጌታ ልደት ዋዜማ ዋሹ። ይህ ኃጢአት በፌዴራሉ ወይስ በክልሉ ሥልጣን ሥር እንደሚወድቅ የንስሐ አባቴን ለመጠየቅ እንኳ ድፍረት አጣሁ።

የእግር እጣቢው ተከዜ ወርዶ ከክልል ክልል እንዳይሻገር ሰግታችሁ ከሆነ፣ ከግቢዬ ጌሾ ሥር ላፈሰው ቃል እገባለሁ። የምለምነው ሁለቱ ቁልፎች በአንድ ቀን እንዲከፈቱ ብቻ ነው። እማማ ሲሰናበቱኝ ለከርሞ በሕይወት ብቆይ እመጣለሁ ብለውኛል፤ ዕድሜያቸው ግን የእናንተን ስብሰባ የሚጠብቅ አይመስለኝም።

ለሁለታችሁም በእኩል ጎንበስ ብዬ፣ ባዶ ሳፋዬን እንደያዝኩ የምሰናበታችሁ አክባሪያችሁ፣
ጽጌማርያም ሰይፈ ሥላሴ
ከላሊበላ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ለከርሞ ገና ከሆቴሉ ወረድ ብላችሁ ወደ ቤቴ ብትመጡ የእናንተንም እግር በደስታ አጥባለሁ። ቦኖው እስከዚያ ካልተከፈተ ግን እንደ እማማ ብርቅዬ እግራችሁን ሸፍናችሁ «አልቆሸሸም» በሉኝ። እርሳቸው ሲሉት ያፈርኩት እኔ ነበርኩ፤ እናንተ ስትሉት ማፈሩ የማን ሥልጣን እንደሆነ አስቀድማችሁ ተነጋገሩበት።