አራተኛውን ቁራጭ ማን ጠለፈው

ውድ እትዬ ሳኖባር፣

በጤናዎ እንደምን ከርመዋል ብዬ ልጀምር አልኩና እጄ እምቢ አለኝ። እሱንማ በስልክ በየሁለት ቀኑ እንጠያየቃለን። እርስዎ "ሳሉ ለቀቀሽ? እየበላሽ ነው?" ይሉኛል፤ እኔ "ደህና ነኝ፣ እርስዎስ?" እላለሁ። ከዚያ ስለ ላሟ፣ ስለ ልጅዎ ስለ ሾይራ ልጆች፣ ስለ ዘንድሮው የዎልነት ዛፍ ፍሬ እናወራለን። ዋናውን ነገር ልናገር አፌን በከፈትኩ ቁጥር እርስዎ ወሬውን ወደ ሾርባ ይመልሱታል። ስለዚህ በወረቀት ይሁን አልኩ። ወረቀት "ተይው እባክሽ" ብሎ አያቋርጠኝም። ሾይራ እንድታነብልዎ ግን አልፈልግም። መነጽርዎን አድርገው ራስዎ ያንብቡት፤ ፊደሉን እንደ ክፍሌ ሰሌዳ አጉልቼዋለሁ።

ነገሩ የሱዛኒው፣ የዚያ የሠርጌ የግድግዳ ጥልፍ ነገር ነው። እርስዎም ገና ፖስታውን ሲያዩ አውቀውታል።

ግን ከዚያ በፊት ሌላ ቀን አለ። ወረርሽኙ ሊገባ ሁለት ወር ሲቀረው፣ ለመነጽሩ ሳማርካንድ የመጡ ዕለት፣ አውቶቡስዎ እስኪደርስ ብዬ ሙዚየም ወሰድኩዎ። ሀያ ስድስት ዓመት በዚህ ከተማ ስኖር አንድ ቀን እንኳ ወስጄዎ አላውቅም ነበር፤ ያን ዕለትም የወሰድኩዎ ውጭው ስለበረደ ነው። እርስዎ ግን በጎማ ጫማዎ፣ በዚያ በአበባው ሻርፕዎ፣ ሱዛኒዎቹ የተሰቀሉበት ክፍል ሲገቡ መስጊድ የገቡ ያህል ድምፅዎን ዝቅ አደረጉ። ዝቅ ያለው ለአፍታ ነው። አንዱ አሮጌ ሱዛኒ ፊት ቆመው "ይህንን በሙቅ ውሃ ያጠበች ሴት እጇን ይቁረጠው" ሲሉ አዳራሹ ሙሉ ሰማ። አስጎብኚዋ ፈገግ ብላ መጣች፤ "እናቴ፣ እንዴት አወቁ?" አለችዎ። እርስዎ ማስረዳት ጀመሩ፤ ሰው ተሰበሰበ። እኔስ የት ነበርኩ? ቀጣዩ ክፍል ገብቼ አንድ የሐብሐብ ሥዕል ፊት ቆሜ ነበር። ዘበኛዋ "ከእሳቸው ጋር ነሽ?" ስትለኝ ሰዓቴን አየሁ እንጂ አዎ አላልኩም። እርስዎ አላዩኝም ይሆናል። እኔ ግን አድርጌዋለሁ።

ከዚያ በሽታው ገባ፤ ወደ እናንተ የሚያመጣው የኡርጉት መንገድ ተዘጋ፤ መኪና ሁሉ ቆመ። ባሌ ካረፈ ወዲህ እንደዚያ ብቻዬን ሆኜ አላውቅም። ጂኦግራፊ በስልክ አስተምራለሁ፤ ልጆቹ ስለ አሙ ዳርያ ወንዝ ስጠይቃቸው ካሜራቸውን ያጠፋሉ። በዚህ መሃል ሙዚየሙ ቅዳሜ ቅዳሜ ረፋዱ ላይ በኢንተርኔት ዝግጅት ጀመረ። ያቺው አስጎብኚ፣ ፌሩዛ ትባላለች፣ ባዶውን አዳራሽ በስልኳ እያሳየች ትዞራለች፤ እኛ ከየቤታችን እናያለን፣ እንናገራለን። ሐኪም አለ፣ ከታሽኬንት ጡረታ የወጣ ፕሮፌሰር አለ፣ ከውጭ አገር የሚገቡ አሉ። የመጀመሪያው ቅዳሜ ዝም አልኩ፤ ሁለተኛው ላይ ተናገርኩ፤ በአምስተኛው "ኦይዲን ምን ይላሉ?" የምባል ሰው ሆንኩ። እውነቱን ልንገርዎ፣ ሳምንቱን ሙሉ የምጠብቀው እሱን ነበር። ፀጉሬን ተሠርቼ ሊፕስቲክ እቀባለሁ፤ ከወገቤ በታች ያለውን የቤት ሱሪ ማን ያየዋል።

በግንቦት ፌሩዛ እያንዳንዳችን ከቤታችን አንድ ሥራ እንድናሳይ ጠየቀች። እኔም ደውዬ ነገርኩዎ፤ ያስታውሳሉ።

"ቅዳሜ በኢንተርኔት ልናገር ነው፤ የእናታችንን ሱዛኒ ላሳይ ነው" አልኩ።

"ደግ አደረግሽ። አቧራውን አራግፊው። ብረት ካሳለፍሽበት በግልባጩ ይሁን" አሉኝ።

በግልባጩ ተኮስኩት። ከኋላዬ ግድግዳው ላይ ሰቀልኩት። ስልሳ ሦስት ሰው ገብቶ ነበር። ከስሞቹ መካከል ምስል የሌለው፣ "ትራክተር ሁለት" የሚል አንድ ስም አለ። ፌሩዛ "ትራክተር ሁለት፣ እንኳን ደህና መጡ፣ ድምፅዎ ይሰማል?" አለች። መልስ የለም። ፕሮፌሰሩ "ሥነ ጥበብ እርሻ ላይም ደረሰ" ብለው ሲቀልዱ ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

ከዚያ አስረዳሁ። አራት ጠባብ ቁራጭ ጨርቅ ላላ ተደርጎ ይገጣጠማል፤ ንድፍ አውጪዋ ባልቴት ሙሉውን ሥዕል ትስላለች፤ ከዚያ ስፌቱ ይፈታና እያንዳንዷ ሴት ቁራጯን ይዛ ወደ ቤቷ ትሄዳለች፤ ጥልፉ ሲያልቅ መልሰው ይሰፉታል አልኩ። ይህ ለሠርጌ የተሠራ ነው፣ አንደኛው የእናቴ፣ ሁለተኛው የአክስቴ፣ ሦስተኛው የራሴ እጅ ነው አልኩ። በጣም አሳምሬ ተናገርኩ። ፌሩዛ "ወደ አራተኛው ቁራጭ ትንሽ ያስጠጉልን" አለችና ስልኬን አስጠጋሁ። "ቀዩ ይለያል፤ አበባውም መገጣጠሚያው ላይ ከጎኑ ካለው ጋር አልተገናኘም። እሱን ማን ጠለፈው?"

እትዬ፣ ሰው ሲዋሽ ትንሽ ያስባል ይባላል። እኔ አላሰብኩም። ቤቴ የቆሸሸ ሆኖ እንግዳ የመጣብኝ መሰለኝና አፌ ራሱ ተናገረ።

"እሱማ የእኛ ቤት እጅ አይደለም" አልኩ። "አንዲት ጎረቤት ነበረች፣ ምስኪን፣ ዓይኗ የደከመ። እናቴ አዝናላት ነው የሰጠቻት።"

ሁሉም "አይ ምስኪን" አለ። ትንሽ ቆይቶ "ትራክተር ሁለት" ወጣ። ያኔ ልብ አላልኩትም።

አሁን ማንም የማያውቀውን ልንገርዎ፤ እርስዎ ያውቁት ይሆናል፣ አላውቅም። እናታችን ከገበያ ያመጣችው ጥሩው ቀይ ሐር ስምንት ቱባ ነበር፤ ለእያንዳንዳችን ሁለት ሁለት። እኔ ሙሽራ ነኝ፣ አበባዬ ይጉላ ብዬ ከእርስዎ ድርሻ ሁለቱንም ከቅርጫቱ አወጣሁ። እርስዎ ቀን ሙሉ የትምባሆ ቅጠል በመርፌ ሲሰኩ ውለው፣ ሐሩ እንዳይጠቁር እጅዎን በጥሬ ቲማቲም አሽተው፣ ልጆችዎን አስተኝተው ሊጠልፉ ሲቀመጡ ቅርጫቱ ውስጥ ቀይ የለም። እናታችን "አይጥ በላው እንዴ?" ስትል እኔ ሻይ እቀዳ ነበር። እርስዎ ከዚያ ከሱቅ ብርቱካን ብርቱካን የሚለውን ርካሽ ቀይ ገዝተው መጡ። "ግድ የለም፣ የእኔ ሮማን ገና አልበሰለም ማለት ነው" ብለው አሳቁን። አበባዎም የእኔን ያልገጠመው እኔ ከመስመሩ አውጥቼ ስላገዘፍኩት ነው። ሰው ፊት ያፈርኩበት ጉድለት የራሴ ነበር። የሰረቅሁት ሳያንሰኝ በሌላ ሰው አሳበብኩት፤ ያ ሰው ደግሞ እርስዎ ነዎት። እኔ ሳማርካንድ እንድማር ከስምንተኛ ክፍል ወጥተው ትምባሆ ማሳ የገቡት እርስዎ።

በሐምሌ ታመምኩ። የፍተሻ ኬላው ድረስ በአህያ ጋሪ ሄደው ለፖሊሱ የአፕሪኮት ማርማላታ አስረክበው "ለእህቴ ነው፣ አስተማሪ ናት" ብለው እንደለመኑት ፖሊሱ ራሱ ደውሎ ነግሮኛል። ማርማላታውን በላሁ። በማንኪያ፣ ከማሰሮው፣ አንሶላ ውስጥ ሆኜ። ስለ ቅዳሜው ግን አንዴም አላሰብኩም።

በነሐሴ ሾይራ ደወለች። ልጅዎ አፏ ምላጭ መሆኑን ያውቃሉ።

"ጎረቤትሽ እንዴት ናት፣ አክስቴ?" አለችኝ።

"የትኛዋ ጎረቤት?"

"ያቺ ምስኪኗ። ዓይኗ ተሻላት? እዚህ ጓዳ ውስጥ ሽንኩርት እየከተፈች ነው፤ ላገናኝሽ?"

ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዬ አዞርኩ።

"የባሌን የሐምሮን ሁለተኛ ስልክ ነው የከፈትንላት" አለች። "ለትራክተር ጥገና ሥራው የያዘውን። አዲሱን መነጽሯን አድርጋ፣ የሰፈሩን ሴቶች ሁሉ ጠርታ፣ 'እህቴ ልትናገር ነው' ብላ አስቀምጣን ነበር። ስትጨርሺ ስልኩን አጠፋችውና 'መስመሩ ተበላሸ' አለቻቸው። እንዳልነግርሽ አስምላኛለች። እኔ ግን መሐላዬን በላሁ፤ ኃጢአቱ ባንቺ ይሁን።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ወር ሙሉ ደወልኩልዎ፤ አንድ ወር ሙሉ ስለ ሾርባ አወራን። ይቆጡኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ አልተቆጡኝም። ድምፅዎ ውስጥ ቅሬታ ፈለግሁ፤ የለም። ለራሴ "ረስተውት ይሆናል" አልኩ። እንዲህ ዓይነት ሰው ነኝ።

ሙዚየሙ በመስከረም ሲከፈት ፌሩዛ የቅዳሜ ተካፋዮች ያሳየነውን ሥራ ለሁለት ወር አዳራሽ ውስጥ ልታሳይ፣ ከጎኑ የሠሩትን ሰዎች ስም ልትጽፍ እንደሆነ ነገረችኝ። ሱዛኒውን ጠቅልዬ ይዤ ሄድኩ። መንገድ ላይ ማስኬ ውስጥ እያጉተመተምኩ የምናገረውን ተለማመድኩ። ቢሮዋ ገብቼ ሳልቀመጥ "ስለ አራተኛው ቁራጭ የተናገርኩትን ላስተካክል ነው" አልኳት።

"አያስቡ፣ እሱን አጣርቻለሁ" አለች። "የመመዝገቢያ ፎርሙ ላይ የቤተሰብ ብለው የሞሉት የኡርጉት ስልክ ነበር፤ የጎረቤቲቱን ስም ለመጠየቅ ደወልኩ። እውነቴን ነው፣ ከሁሉ የወደድኩት ያንን ቁራጭ ነበር። እጅ ከእጅ ሲለያይ ነው ሱዛኒ ሕይወት የሚኖረው። ያን ቀን የጠየቅሁዎ ላመሰግናት ነበር። ስልኩን ያነሱት ታላቅ እህትዎ ነበሩ።"

"ምን አሉ?" አልኩ።

ማስታወሻ ደብተሯን ገለጠች። የጻፈችውን አነበበችልኝ፤ ቃል በቃል እጽፍልዎታለሁ። "'ኦይዲን ያለችሽ ልክ ነው። ጎረቤት ነበረች። ዓይኗም እጇም ደካማ ነበር። አሁን ሞታለች፣ ዘመድም የላትም፤ ስሟን መጻፍ አያስፈልግም። እህቴን በዚህ ነገር አታስቸግሯት፣ ገና ከሕመም መነሳቷ ነው።'"

እዚያው ወንበሩ ላይ ቁጭ አልኩና እንደ ሕፃን አለቀስኩ፤ ማስኬ ረጥቦ አፌ ላይ ተጣበቀ። ፌሩዛ ውሃ አመጣችልኝ። ሁሉንም ነገርኳት፤ ሐሩን፣ ቅርጫቱን፣ የሐብሐቡን ሥዕል ሳይቀር። ልጅቷ አልገሠጸችኝም። ማስታወሻዋ ላይ የነበረውን በአንድ መስመር ሰረዘችና "ስማቸው እንዴት ነው የሚጻፈው?" አለችኝ።

ያለፈው ቅዳሜ ደግሞ በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ወንበር ላይ ሆኜ ለሁሉም ተናገርኩ። ሰባ አንድ ሰው ነበር። አላሳመርኩትም። "ጎረቤት የለችም። የጠለፈችው ያሳደገችኝ እህቴ ናት፤ ቀይ ክሯን የሰረቅኋት እኔ ነኝ" አልኩ። ፕሮፌሰሩ ማስታወሻ ይጽፉ የነበረውን ብዕር አስቀመጡ። ካሜራዬን ላጥፋ ብዬ አላጠፋሁትም። ስሞቹን ሁለት ጊዜ ከላይ እስከ ታች አነበብኩ። እርስዎ አልገቡም ነበር። ለምን ይገባሉ?

ስምዎን ሳላስፈቅድ አስጽፌዋለሁ፤ ይቅር ይበሉኝ። ከእናታችንና ከአክስታችን በታች፣ ከእኔ በላይ ነው።

መንገዱ ተከፍቷል፤ እሑድ በመጀመሪያው አውቶቡስ እመጣለሁ። ሾይራ ፊት ይቆጡኝ፤ ሴቶቹን ሁሉ ጠርተው ይቆጡኝ፤ ለእነሱም በአፌ እነግራቸዋለሁ። የምፈራው ቁጣዎን አይደለም። ሻይ ቀድተው፣ ዳቦ ቆርሰው ፊቴ አስቀምጠው "ከስተሻል" ብቻ ብለው እንዳያልፉኝ ነው የምፈራው። እትዬ፣ እኔ እንዳላፍር ብለው ለማያውቋት ሴት ሞቻለሁ አሏት። እባክዎ፣ ሁለተኛ ለእኔ ሲሉ አይሙቱ።

ያሳደጓት፣
ኦይዲን