የድሮው ስም ያለው ሞደም

ይድረስ ጅዳ ላለሽው እህቴ ሳጂዳ፤ አሰላሙ ዓለይኩም፣ እንዴት ከርመሻል? እኔም አባባም አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። በስልክ ስናወራ አባባ ከአጠገቤ ስለማይጠፉ፣ ይህን ጽፌ ወደ አንቺ ለምትመጣው ለሂንድ ሰጠኋት።

በጦርነቱ ቤታችን ሲዘረፍ ሞደሙም አብሮ ሄዶ ነበር። ኔትወርክ ሲመለስ ከአባባ ጋር ደሴ ሄደን ሌላ ገዛን። መስመሩ ገና ስላልተጠገነ በሲም የሚሠራውን፣ መብራት ሲጠፋም የሚቆይ ባትሪ ያለውን መረጥን። ቤት ገብቼ ስከፍተው የዋይፋይ ስምና የይለፍ ቃል ጠየቀኝ።

«የድሮውን አድርጊለት» አሉ አባባ።

«የድሮውንማ ጎረቤቱ ሁሉ ያውቀዋል፤ ቢቀየር ይሻላል።»

«ባድሩም ያውቀዋል። በሩ ጋ ሲደርስ ስልኩ ራሱ ይይዝለታል።»

እንደምታውቂው ወንድማችን በሽሽቱ ቀን ከተለየን ወዲህ አልደወለም። እንዳሉኝ አደረግኩ።

አሁን አባባ ስልኬን ተቀብለው፣ ሞደሙ ላይ የገባውን ስልክ ሁሉ ሲያዩ ይውላሉ። ማክሰኞ ቀን አንድ የማናውቀው ስልክ ሲገባ ጫማ ሳያደርጉ ወደ በሩ ሮጡ። አጥሩ ጥግ የቆመው ጎረቤታችን ኑርዬ ነበር።

«አባባ ይቅርታ፣ ድሮ የሰጣችሁኝ የይለፍ ቃል ሠርቶልኝ ነው» አለ ደንግጦ።

አባባ ግን እጁን ይዘው አስገቡት። ባድሩ ይቀመጥበት በነበረው ቦታ አስቀምጠው ምሳ አቀረቡለት። ኑርዬ ቀና ብሎ ሳያየን በላ።

እህቴ፣ አደራሽን አባባ በማያውቁት ቁጥር አትደውይ።

አላህ በሰላም ያገናኘን።

እህትሽ ነጅዋ፣ ከሐይቅ