ከአምፖሉ ካርቶን የዘለልኩት መስመር

ውድ ኢንሻራህ፣

ማንበብ እንደማትችዪ አውቃለሁ። ስለዚህ ይህን ደብዳቤ ሌላ ሰው ያነብልሻል። ማን እንደሚያነብልሽም አውቃለሁ፤ ወደዚያ በኋላ እመለሳለሁ። አሁን ሻይሽን አስቀምጪና ስሚ። ባሎቻችን ወንድማማች፣ ደረጃችን አንድ፣ ምድጃችን አንድ ሆኖ ሃያ ሁለት ዓመት አንድ ቤት ስንኖር አንቺ ተናጋሪ ነበርሽ፣ እኔ ሰሚ። ዛሬ ተራው የኔ ነው።

የብስኩት ቆርቆሮዬን ታስታውሺዋለሽ? እኔ ፊደል የቆጠርኩት ከቁርጥራጭ ነው። ፈላፈል ከተጠቀለለበት ጋዜጣ፣ ከሲሚንቶ ከረጢት፣ ከሟቹ ባሌ የመድኃኒት ወረቀት። ዘይቱን በአመድ እያስመጠጥኩ፣ በመዳፌ እየዳመጥኩ እዚያ ቆርቆሮ ውስጥ አስቀምጣቸው ነበር። መጨረሻው የተቀደደ ታሪክ ሲያጋጥመኝ መጨረሻውን እኔው እሠራለት ነበር። ዳቦ በምንጋግርበት አንድ ሐሙስ፣ የጎረቤት ሴቶች ምድጃውን ከበው ሳለ፣ ቆርቆሮውን ይዘሽ ወረድሽ።

«የማገዶ ያለህ ስትሉ አልነበር?» አልሻቸው። «ይኸው! የቤታችን ምሁር ስታጠራቅምልን ኖራለች!»

«ኢንሻራህ፣ እባክሽ እህቴ» አልኩሽ።

«ምን እባክሽ አለው? ሌላው ልጅ ያሳድጋል፣ አንቺ የፈላፈል ወረቀት ታሳድጊያለሽ!»

ሴቶቹ ሳቁ። ወረቀቶቹን አንድ በአንድ እሳቱ ውስጥ ከተትሻቸው። ዘይት ስለነበረባቸው ቶሎ ነደዱ። ዳቦው ጥሩ ሆኖ ወጣ። እኔም በላሁ።

በዓመቱ ልጅሽ ዊግዳን ለዓሣ አጥማጁ ልጅ ታጨች። ሠርጉ ለፀደይ ተቀጠረ፤ አንቺም ብርዱ በሚጠናበት በጡባ ወር አርባ የዳክዬ ጫጩቶች ሰገነቱ ላይ ትልቅ ካርቶን ውስጥ አስገብተሽ፣ ባለ መቶ ሻማ ቢጫ አምፖል አንጠልጥለሽላቸው ማሳደግ ጀመርሽ። አፍሽ ላይ ሌላ ወሬ አልነበረም። «በሠርጓ ማግስት ለባሏ ቤት በምልከው ትሪ ላይ በገዛ እጄ ያሳደግኩት ዳክዬ ካልሄደ ልጄን ዕድሜዋን ሙሉ ይሰድቡብኛል» ትዪ ነበር። እውነትሽን ነው። እዚያ መንደር የትሪው ጨርቅ ሲገለጥ ዳክዬው ይቆጠራል፤ ሙሽራዋም አብራ ትመዘናለች።

ያን ሰሞን ነው ስኳርና ዘይት በሚታደልበት ሱቅ ኃይል ቆጣቢው አምፖል የመጣው። አሮጌ ያመጣ አዲስ ይወስዳል ተባለ። አንቺ የነፃ ነገር ሰምተሽ መቼ ታልፊያለሽ! ከሳሎን፣ ከመኝታ ቤት፣ ከሽንት ቤት ሳይቀር ነቅለሽ በሳፋ ተሸከምሽ። ከደረጃው ሥር ያለችው ክፍሌ ድረስ መጥተሽ «ያንቺንም አምጪ» አልሽኝ።

«የኔው ይበቃኛል።»

«አንቺማ ጨለማ ለምደሽ!»

የዳክዬዎቹን አምፖል ሳይቀር ወስደሽ ለውጠሽ መጣሽ። ከቀትር በኋላ ነበር፤ እኔ ሰገነቱ ላይ ልብስ አሰጣለሁ። አዲሱን ስታበሪው ካርቶኑ ውስጥ ያለው ጭድ ሁሉ ነጭ ሆነ።

«ተመልከቺ!» አልሽ። «ፀሐይ አይመስልም? ቢጫው እንደዚያ ካሞቃቸው ይሄማ ይጠብሳቸዋል!» ከዚያ ፈራሽ። የአምፖሉን ካርቶን ወረወርሽልኝ። «ነይ እስቲ ምሁሯ፣ ምን ይላል? እሳት እንዳያስነሳብኝ።»

አነበብኩልሽ። «ኃይል ይቆጥባል። ብርሃኑ ከባለ መቶ ሻማው እኩል ነው። ለስምንት ዓመት ያገለግላል።»

ከዚያ በታች፣ በደቃቅ ፊደል፣ አንድ መስመር ቀርቷል። ሙቀት አይሰጥም ይላል። ጣቴ ላዩ ላይ ነበር።

«ሌላስ?» አልሽኝ።

«ሌላ የለም።»

«ይቺን ለማንበብ ነው ዓይንሽን ያጠፋሽው?» ብለሽ ካርቶኑን ተቀብለሽኝ በእግርሽ ጨፈለቅሽው።

ፀሐይ ስትጠልቅ ዊግዳን ወጥታ እንደ ሁልጊዜው ጆንያ ከደነችባቸው። ስትወርድ በራፌ ላይ አገኘችኝ። «አክስቴ፣ ዛሬ በጣም ይጮኻሉ» አለችኝ። «አዲሱ ብርሃን ግር ብሏቸው ነው» አልኳት። ክፍሌ ውስጥ አሮጌው ባለ መቶ ሻማ እየበራ ነበር። እሱን ነቅዬ ደረጃውን መውጣት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። በሱ ብርሃን ተቀምጬ የስኳር መጠቅለያ አነበብኩ። ጩኸቱ እየቀነሰ መጣ። ተኛሁ፤ እንቅልፌም ጥሩ ነበር። ይህንን እንድታውቂልኝ እፈልጋለሁ።

ጠዋት ቀድሜ የወጣሁት እኔ ነኝ። ጆንያው በደንብ ተከድኗል፤ አራቱም ማዕዘኑ በጡብ ተይዟል። ጡቦቹን አንስቼ ገለጥኩት። ሁሉም አምፖሉ ሥር፣ አንዱ በአንዱ ላይ ወጥቶ ተቆልለዋል። ብርሃኑ ምንቃራቸውን ሳይቀር ቁልጭ አድርጎ ያሳይ ነበር። እርምጃሽን ደረጃው ላይ ሰማሁ። ጆንያውን እንደተገለጠ ትቼ ወደ ልብሱ ገመድ ዞርኩ። መልሼ ለመክደን ጊዜ አልነበረኝም እያልኩ ለራሴ ስነግር ኖሬያለሁ። ጊዜ ነበረኝ።

«ዊግዳን! አንቺ የተረገምሽ! ሳትከድኚ ተኛሽ!»

ልጅቷ በባዶ እግሯ እየሮጠች መጣች። «ከድኛለሁ እማዬ! በአላህ ይሁንብኝ፣ በጡብ ይዤዋለሁ!»

«ጡቡ እግር አውጥቶ ወረደ?»

በነጠላ ጫማሽ ፊቷን መታሻት። አንዴ ብቻ ቢሆን ኖሮ! ስትደክሚ እሷ ከልብሱ መሀል እኔን ፈለገች። «አክስቴ፣ ስወርድ አላየሽኝም?»

«ስትወርጂ አይቻለሁ» አልኳት። «ስትከድኚ ግን አላየሁም።»

ከዚህ የበለጠ እውነት ተናግሬ አላውቅም፤ ከዚህ የከፋም።

በሠርጓ ማግስት ከገበያ የተገዙ ነጭ ዶሮዎች ላክሽላት። አማቷ ጨርቁን ገልጣ ምን እንዳለች መንደሩ ሁሉ ሰምቷል። «እናትሽ ዳክዬ አልቆባት ነው ወይስ አንቺን ለመገላገል ቸኩላ?» ዊግዳን ዶሮዎቹን ራሷ ቆራርጣ ለሳቁባት ሴቶች አቀረበች።

አሁን ወደ አንቺ ጥፋት የደረስኩ ይመስለኛል። በቀጣዩ ክረምት ዱምያጥ ገበያ ወርደሽ ነበር። የአምፖል ነጋዴዎቹን አንድ በአንድ «አሮጌው፣ ቢጫው፣ የሚያቃጥለው የለም ወይ?» እያልሽ ስትጠይቂ እዚያው ሽንኩርት ስገዛ ከኋላሽ ቆሜ ነበር። ለምን ነበር ኢንሻራህ? ነጩ የማይሞቅ መሆኑ ገብቶሻል። ዳክዬዎቹን ምን እንደገደላቸው ያኔ አውቀሻል። ቤት ስትመለሺ ግን ያችኑ ልጅ መስደብሽን አላቆምሽም። የኔ ውሸት አንድ መስመር ነበር። አንቺ ግን አራት ዓመት ሙሉ አሳደግሽው።

ባልሽ ሲሞት ማን አስጠጋሽ? እሷ። ባለፈው ወር ልጇን በሰባተኛ ቀኑ እንደ ወጋችን በወንፊት ስንወዘውዘው፣ ቤቱ በእንግዳ ሞልቶ፣ አማቷ አጠገብሽ ተቀምጣ፣ ምን አልሽ? «አደራ ጆንያ ደርቢለት፣ እንደ ዳክዬዎቹ እንዳታቀዘቅዢው!» ሰው ሁሉ ሳቀ። ዊግዳንም ሳቀች። ከዚያ ማንም የማያያት መስሏት ጣቷን ከሕፃኑ አፍንጫ ሥር አደረገች፤ ይተነፍስ እንደሆነ። ጥቂት ቆየችና ደገመችው። ቡና ላቀርብ ስነሳ ሦስተኛውን አየሁ።

ይቅርታ አልጠይቅሽም። አርባ ጫጩት ገደልኩብሽ፤ አንቺም ወረቀቶቼን አቃጠልሽብኝ፤ በኛ መሀል ያለው እዚያው ይቅር። የምጽፈው በዚያች ጣት ምክንያት ነው።

ዊግዳን፣ ይህን የሚያነበው ድምፅሽ ከቆመ ቆይቷል፣ አውቃለሁ። ይህንን ፊደል ከደረጃው ሥር፣ እናትሽ እንዳታይ ተደብቀን ያስተማርኩሽ እኔ ነኝ፤ ለእናትሽ ከአንቺ በቀር የሚያነብላት እንደሌለ እያወቅኩ ነው የጻፍኩት። ጆንያውን ከድነሻል። አራቱንም ጡብ አስቀምጠሻል። ያነሳኋቸው እኔ ነኝ። ልጅሽ ሲተኛ አንቺም ተኚ።

ከእንግዲህ አክስቴ ብለሽ እንደማትጠሪኝ አውቃለሁ። በራፌ ላይ ብትመጪ እከፍትልሻለሁ፤ ባትመጪም እውነት አለሽ።

አንድ ነገር ብቻ። እናትሽ «ሌላስ?» ስትልሽ «ሌላ የለም» እንዳትዪያት። ስለ ዱምያጥ ገበያ የጻፍኩትን አዝነሽላት ዘልለሽው ከሆነ ተመለሺ። ጮክ ብለሽ አንብቢላት፤ ፊቷን እያየሽ።

ፊክሪያ
ከደረጃው ሥር፣ በአሮጌው አምፖል ብርሃን