ከመጋረጃው ሥር የፈለገችው ጫማ

ውድ እማማ አስቻለች፣

ይህን ደብዳቤ የሚያነብልዎ ጎረቤትዎ መምህር ተዘራ እንደሚሆን አውቃለሁ። ስለዚህ አስቀድሜ እሱን ልለምነው። ተዘራ፣ እባክህ እኔን የሚያሳፍር ቦታ ላይ ስትደርስ አትዝለልልኝ፤ እንዳለ አንብብላቸው። ለእርስዎ መናገር የነበረብኝን ነገር ጎንደር ሳለሁ ፊት ለፊት ለመናገር አፌ አልታዘዘኝም። በወረቀት ይሻለኛል።

ሃዳስ ደኅና ናት። ይህን ካልሰሙ ሌላው ጆሮዎ እንደማይገባ ስለማውቅ ነው ያስቀደምኩት። ትበላለች፣ ትተኛለች። ትናንት የጎረቤታችንን ድመት አሳድዳ ደረጃው ሥር ገብታ፣ ሁለታቸውንም ያወጣሁት በስንት ልመና ነው። እስራኤል፣ ረሆቮት ከገባን ዛሬ ሃያ አራተኛ ቀናችን ነው።

እማማ፣ ወደኋላ ልመለስ። እኔና ካሳነሽ የተጋባነው ለእስራኤል ጉዞ ስሜ ከወላጆቼ ጋር ከተመዘገበ በኋላ ስለነበር፣ የጉዞው ተራ ሲደርስ የእሷ ስም ወረቀቱ ላይ አልነበረም። “ሂድ፤ እኔ እከተልሃለሁ” አለችኝ። የሁለት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። ሃዳስ ስትወለድ በስልክ አየሁ። ካሳነሽ ስትታመምም በስልክ አየሁ። ስትቀበር ግን ስልክ የያዘልኝ ሰው አልነበረም፤ ደግሞም ልክ ነበራችሁ። የሰባት ወሯ ሃዳስ እርስዎ እጅ ላይ ቀረች። ልጅዎን በቀበሩ ማግስት የልጅ ልጅዎን ጡጦ ማጥባት ጀመሩ።

እኔስ ምን አልኩዎ? ወረቀቱ ሁሉ ሲያልቅልኝ ደውዬ “ልጄን ልወስድ ነው” አልኩ። “ትንሽ ትጠንክር፣ አፏን ትፍታ” ሲሉኝ፣ “ልጄን የሚከለክለኝ ሰው የለም!” ብዬ ጮህኩብዎ። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ “ሃሎ፣ ሃሎ” ስል፣ “ና በቃ” አሉኝ። ሌላ ቃል አልጨመሩም።

ስመጣ ሃዳስ ሁለት ዓመት ከስምንት ወሯ ነበር። ቀሚስዎ ውስጥ ተሸሽጋ በአንድ ዓይኗ ታየኝ ነበር። በየጠዋቱ ከእንቅልፏ ስትነሳ የመጀመሪያ ጥያቄዋ “ሰውዬው ሄደ?” የሚል ነበር። ሰውዬው እኔ ነኝ። “አባትሽ እኮ ነው” ሲሏት እርስዎን ታምንና መልሳ እኔን ስታይ ትጠራጠራለች።

በአምስተኛው ቀን ጠዋት ነጠላዎን አጣፍተው፣ “ገበያ ደርሼ ልምጣ” ብለው ወጡ። ሃዳስ ደጃፉ ላይ ተደፍታ አለቀሰች። እስከ ምሳ አልመጡም። በማግስቱም ወጡ፤ በሦስተኛውም ቀን። እኔ ዘፍኜ፣ ዘልዬ፣ እንደ ፍየል ጮኼ፣ ሁሉንም ሞከርኩ። በመጨረሻ ደክሟት እግሬ ላይ ተኛች። ያን ቀን ሲመለሱ ምን እንዳልኩዎ ያስታውሳሉ። “እማማ፣ እርስዎ ጨካኝ ነዎት። ልጅቱ ድምጿ እስኪዘጋ ስታለቅስ እርስዎ ገበያ ለገበያ ይዞራሉ?” አልኩዎ። ዘንቢልዎን መሬት አስቀምጠው “አለቀሰች እንዴ?” ብቻ አሉኝ። ዘንቢሉ ባዶ ነበር። ባዶ መሆኑን አይቻለሁ፤ ግን አላሰብኩበትም።

በተለያየንበት ጠዋት አንድ የቆየ የነጠላ ቁራጭ ሰጡኝ፤ ጫፍና ጫፉ ላይ አምስት ቦታ ተቋጥሯል። “ለአውሮፕላኑ ነው። ራሷ ትፍታው፤ አንተ እንዳትፈታላት። አንዱ ሳይሰለቻት ሌላውን አትስጣት” አሉኝ። እሺ አልኩና፣ እርስዎ ዞር ሲሉ ሻንጣዬ ውስጥ ከልብሶቹ ሥር ከተትኩት። አፍሬበት ነው፣ እማማ። ሰው ፊት ያን አሮጌ ጨርቅ ይዤ መታየት አልፈለግኩም። በስልኬ የልጆች ፊልምና ዘፈን ጭኜ ነበር፤ እሱ ይበቃል ብዬ ነበር።

ከጎንደር አዲስ አበባ ሃዳስ እንቅልፍ ወስዷት ስለነበር ነገሩ ቀላል መሰለኝ። በማግስቱ ጠዋት አዲስ አበባ አውሮፕላን ማረፊያ ሻንጣዬ ሲመዘን ከበደ። “አራት ኪሎ ቀንስ” አሉኝ። ሰው ሁሉ ተሰልፎ እያየኝ ሻንጣውን መሬት ላይ ከፍቼ፣ እጄ ያገኘውን ፌስታል ውስጥ ጎሰጎስኩት። የእርስዎ ጨርቅ ከእኔ ጋር አውሮፕላን ውስጥ የገባው እንደዚህ ነው። በእኔ ብልኃት እንዳይመስልዎ።

አውሮፕላኑ ቀስ ብሎ መንቀሳቀስ ሲጀምር ሃዳስ ቀበቶውን አይታ ጮኸች። ስልኩን ከፈትኩላት፤ በእጇ መታ ከመቀመጫው ሥር ጣለችው። “እማማ! እማማ!” እያለች ጀርባዋን እንደ ቀስት ለጠጠች። ከፊታችን ያሉት ሰዎች ዞሩ። አስተናጋጇ መጥታ ጎንበስ አለችና በፈገግታ፣ “ቆንጆ፣ ይሄ ማን ነው? አባባ ነው?” ብላ ጠየቀቻት። ሃዳስ እንባዋን እየዋጠች “ሰውዬው ነው” አለቻት። አስተናጋጇ ፈገግታዋ ጠፋ። የልደት ወረቀቷንና ፓስፖርቷን አውጥቼ አሳየኋት።

ከጎኔ በመስኮቱ በኩል የተቀመጡት አቶ ጓንጉል የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ። ከሠላሳ ዓመት በላይ ረሆቮት፣ ክፋር ግቢሮል በሚባለው ሰፈር የኖሩ ሰው ናቸው። “ምን ይዘህላታል?” አሉኝ። “ስልክ” አልኩ። “ስልኩንማ አየነው። ሌላ?” አሉኝ። ያን ጊዜ ፌስታሉን ጎትቼ ጨርቁን አወጣሁ።

የመጀመሪያውን ቋጠሮ ስታየው ለቅሶዋ መሐል ላይ ቆመ። የእርስዎን እጅ ሥራ አወቀችው። በትንንሽ ጣቶቿ ስትታገል ቆይታ ፈታችው፤ ዳቦ ቆሎ ነበር። ማኘክ ጀመረች። ጆሮዬ ሲደፈን ነው የገባኝ። አውሮፕላን ተሳፍረው የማያውቁት እርስዎ፣ ሲነሳ ጆሮ እንደሚያም፣ ማኘክም እንደሚያስታግስ ከየት ሰሙ? ተዘራ በኋላ ነገረኝ፤ ከውጭ የመጣ ሰው አለ በተባለ ቁጥር ቤቱ ድረስ እየሄዱ “ሕፃን እዚያ ላይ ምን ይሆናል?” ብለው ይጠይቁ ነበር አሉ።

ሁለተኛው ውስጥ በክር የተሰኩ የካሳነሽ ካፖርት ቁልፎች ነበሩ። አንድ በአንድ አወጣቻቸው፣ መልሳ ሰካቻቸው። ሦስተኛው ሽምብራ ያለበት፣ ክዳኑ በፕላስተር የታሸገ የመድኃኒት ብልቃጥ ነበር፤ ስታንቀጫቅጨው ከኋላ የተኛ ሰው ቀሰቀሰች። አራተኛው ክሩ ያለቀ የእንጨት ማጠንጠኛ። አምስተኛው ደግሞ ባዶ ነበር። እኔ የሆነ ነገር የወደቀባት መስሎኝ ወለሉን ማየት ጀመርኩ። ሃዳስ ግን ጨርቁን አራግፋ “የለም!” አለችና ከልቧ ሳቀች። ስትስቅ ያየኋት ያን ጊዜ ነው፤ ከእኔ ጋር ማለቴ ነው። ጨርቁን ሰጥታኝ “እሰር” አለች። አሰርኩ። ፈታች። “የለም!” አቶ ጓንጉልም ተራቸውን አሰሩ። አንድ ሰዓት ያህል ምንም የሌለበትን ቋጠሮ ስንቋጥርና ስንፈታ ቆየን።

ጨዋታው ሰልችቷት ቀበቶዋን ስፈታላት ግን ከመቀመጫው ተንሸራታ ወረደች። ጎንበስ ብላ ከመቀመጫው ሥር አየች። ቀጥሎ ካለው ሥር አየች። የሰዎችን እግር እያየች መተላለፊያውን ይዛ ሄደች። ጨዋታ መሰለኝና እየሳቅኩ ተከተልኳት። ፊት ለፊት አንድ መጋረጃ አለ። እዚያ ስትደርስ በሆዷ ተኝታ ከሥሩ አጮለቀች። በመጋረጃው ማዶ የቆመ የሴት እግር ነበር። ሃዳስ “እማማ!” ብላ ተነሳችና መጋረጃውን ገለጠችው።

አስተናጋጇ ነበረች፤ የሻይ ብርጭቆ ይዛ።

እማማ፣ ያን ፊቷን ባላየሁት ደስ ባለኝ። አልጮኸችም። ወለሉ ላይ ተቀመጠች። እኔም አጠገቧ ተቀመጥኩ። “ምን ፈልገሽ ነው የኔ ልጅ?” አልኳት።

“የእማማ ጫማ።”

“የእማማ ጫማ እዚህ ምን ይሠራል?”

“እማማ አጥር ጋ ናት። አትገባም። ጫማዋ ይታያል” አለች። ከዚያ እጇን አፏ ላይ አድርጋ አሳየችኝ። “እንዲህ አድርጋ ታለቅሳለች።”

ያኔ ነው ባዶው ዘንቢል ትዝ ያለኝ። ገበያ አልሄዱም ነበር። በእነ ተዘራ ግቢ በኩል፣ ከቆርቆሮው አጥር ጀርባ ቆመው፣ ነጠላዎን አፍዎ ውስጥ ጎስጉሰው የልጅዎን ልጅ ለቅሶ ሲሰሙ ነበር። እኔን እንድትለምደኝ። ቆርቆሮው መሬት አለመድረሱን ረስተውት ኖሯል። እኔ ማየት ያቃተኝን እሷ በሆዷ ተኝታ አይታዋለች። እኔ ደግሞ ጨካኝ ብዬዎታለሁ።

አቶ ጓንጉል ከኋላችን መጥተው ቆመዋል። “ስማ” አሉኝ ቀስ ብለው፣ “ስንደርስ እማማን ታገኛለሽ በላት። ቤሰደር፣ እሺ? ልጅ ነው፣ ይረሳል።” ክፉ ሰው ሆነው አይደለም፤ አሳዝናቸው ነው። እኔ ግን እርስዎ ሦስት ቀን አጥር ጀርባ ቆመው ያቆዩልኝን ልጅ በውሸት ልጀምራት አልቻልኩም።

“ሃዳስ” አልኳት፣ “እማማ እዚህ የለችም። ጎንደር ናት።”

“ትመጣለች?”

“ዛሬ አትመጣም። ነገም አትመጣም። እንድትመጣ እለምናለሁ፤ ይፈቀድ አይፈቀድ ግን አላውቅም። እኔ ግን አለሁ። የትም አልሄድም።”

አለቀሰች። ይኼኛው ለቅሶ ሌላ ነበር፤ እኔን የሚገፋ አልነበረም። ልተዋት ወይ ልያዛት ሳላውቅ እዚያው ተቀመጥኩ። ብዙ ቆይታ፣ “ሰውዬው” አለችኝ፣ “እዘለኝ።”

ማዘል አላውቅም፣ እማማ። የትኛው ወንድ ያውቃል? አቶ ጓንጉል ጋቢያቸውን አወረዱና፣ “ያላ፣ በል ጎንበስ በል” አሉኝ። እሳቸውና አስተናጋጇ ተጋግዘው ጀርባዬ ላይ አሰሯት። ጋቢው ሁለቴ ተፈታ። በሦስተኛው ያዘ። ከፊት እስከ ኋላ፣ ከኋላ እስከ ፊት ተመላለስኩ። አንዳንዱ ሳቀ፣ አንዲት ሴት ፎቶ አነሳችን። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ምንም አላፈርኩም። ጉንጯ አንገቴ ላይ አረፈ፤ ሸሚዜ በእንባና በምራቅ ረጠበ። ልናርፍ ነው፣ ተቀመጡ እስከምንባል ድረስ አላወረድኳትም። ስናርፍም አልነቃችም። አቶ ጓንጉል ጋቢውን ስመልስላቸው፣ “ቤት ድረስ አዝለህ ሂድ፤ ቅዳሜ መጥቼ እወስደዋለሁ” አሉኝ። መጡም። አሁን በየሳምንቱ ይመጣሉ።

ለእርስዎ “አመሰግናለሁ” ማለት እንዴት እንደሚያንስ ሳስብ ነው ይህን ሁሉ የጻፍኩት። ልጄን ከእርስዎ የወሰድኩ መስሎኝ ነበር። እርስዎ ነዎት የሰጡኝ፤ ያውም አጥር ጀርባ ሆነው፣ ድምፅ ሳያሰሙ። ያን ቃሌን ይቅር ይበሉኝ። እርስዎን ለማስመጣት ጥያቄ አስገብቻለሁ። መሥሪያ ቤቱ ምን እንደሚል አላውቅም፤ ከተከለከልኩም ደግሜ አስገባለሁ። እስከዚያው ደግሞ በክረምቱ ፈቃዴ ይዣት እመጣለሁ።

አንድ ነገር ቀረኝ። ባለፈው እሑድ፣ እዚህ እሑድ የሥራ ቀን ነው፣ ሃዳስን ጋን አስገባኋት፤ መዋለ ሕፃናት ማለት ነው፣ ከቤታችን ሁለት መንገድ ተሻግሮ። የጋኑ አስተማሪ ሬዑት ትባላለች። የምሞላው ወረቀት ሰጠችኝ። የአባት ስምና ስልክ ጻፍኩ። የእናት የሚለው ላይ የካሳነሽን ስም ጽፌ ስልኩ ጋ ስደርስ እጄ ቆመ። ሬዑት ነገሩ ገብቷት “ባዶ ተወው፣ ምንም አይደለም” አለችኝ።

“አልተወውም” አልኳትና የእርስዎን ስምና ቁጥር ጻፍኩበት።

ቁጥሩን አይታ፣ “ይህ እኮ የውጭ አገር ነው። ልጅቱ ብትታመም መጥተው ሊወስዷት አይችሉም” አለች።

“መውሰድ አይችሉም” አልኳት። “ግን ስታለቅስ ምን እንደሚደረግ ከእኔ ይልቅ የሚያውቁት እሳቸው ናቸው።”

ወረቀቱን ማኅደሯ ውስጥ ከተተችው። “እሺ፣ አማርኛ የምትችል ረዳት አለችኝ፤ እሷ ትደውላለች” አለች።

ስለዚህ እማማ፣ የማያውቁት ቁጥር ከደወለ አይዝጉት። የሃዳስ ጋን ነው።

ልጅዎ
ባሕሩ
ረሆቮት