የክርስትና ስሙን ላኪልኝ

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፤

እንዴት ከረምሽ ብዬ ለመጠየቅ እንኳ ድፍረቱ የለኝም፤ ካልጠየቅኩሽም አያስችለኝም። ጉልበትሽ እንዴት ነው? ጎረቤትሽ ጌጤ አብራሽ እያደረች ነው? ብቻሽን እንዳትሆኚ፣ በማርያም። ሽማግሌዎቹ ይህን ደብዳቤ የሚሰጡሽ የመጡበትን ከነገሩሽ በኋላ ነው፤ ደብዳቤውን ይዞ የመጣውን ዘርይሁንን አደራ ብዬዋለሁ። እኔ ደኅና ነኝ፤ ያው ናይሮቢ፣ ካሳራኒ ሰፈር ነው የምኖረው።

ስለ ታሪክ ማኅበራችን ነግሬሽ ነበር። በወር አንድ ቅዳሜ እየተሰበሰብን፣ እኛ አበሾች ናይሮቢ እንዴት እንደመጣንና እንዴት እንደኖርን አንድ ሰው ይተርክልናል። ጸሐፊዋ እኔ ነኝ። ባለፈው ቅዳሜ ተራው የጋሽ ሕዝቅያስ ነበር፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ዘመድ የሌለውን ሬሳ ሲገንዙ የኖሩ ሰው ናቸው። ድሮ እዚህ የመኖሪያ ወረቀት ያልነበረው ሰው፣ ወደ ደቡብ አፍሪካ በሄደ ሰው መታወቂያ ነበር የሚኖረው። ሲሞትም መስቀሉ ላይ የሚጻፈው የመታወቂያው ስም ነው። ጋሽ ሕዝቅያስ የመቃብሮቹን ዝርዝር አንብበው፣ እውነተኛ ስማቸውን የምታውቁ ካላችሁ ዛሬ ተናገሩ፣ እኛም ካለፍን ማን ያውቃል አሉ። ቃለ ጉባኤውን ስጽፍ «ሐብታሙ» የሚለው ላይ ስደርስ ብዕሬን አስቀመጥኩ። ተነሥቼ ሐብታሙ አይደለም፣ ወንድሜ ኪሩቤል ነው አልኩ።

ከቀበርኩት አሥራ አንድ ዓመት፣ እማዬ! ደውሎ ነበር፣ ሰላም ብሎሻል፣ ጆሃንስበርግ ሥራ በዝቶበት ነው እያልኩሽ። ምን ዓይነት ልጅ ነኝ? መጀመሪያ ፖሊስ ፈራሁ፤ በሰው መታወቂያ መኖር ያሳስራል። ቀጥሎ ያንቺን ደም ግፊት ፈራሁ። በኋላማ ውሸቱን ራሱን ፈራሁት። በደወልኩ ቁጥር አገባ ወይ እያልሽ ስትጠይቂኝ፣ ትንሽ ቢቀረኝ ልጅ ሁሉ ልፈጥርለት ነበር። ይቅር በይኝ ለማለት እንኳ አፍራለሁ።

አሁን ማኅበሩ መስቀሉን ሊያስቀይርልኝ ነው። ቄሱ ደግሞ እንደገና ጸሎት ሊያደርጉለት የክርስትና ስሙን ጠየቁኝ። አላውቀውም። ያኔም ሲቀበር ጠይቀውኝ ስሙን አላወቅኩትም ነበር፤ ደንግጬ አፌ ላይ የመጣውን ተናገርኩ። ፍትሐቱ የተደረገለት እኔ በፈጠርኩት ስም ነው። ሌላውን ሁሉ ችዬው ኖሬያለሁ፤ ይህን ግን እስከ ዛሬ አልቻልኩትም።

ስሙን የምታውቂው አንቺ ብቻ ነሽ። ብትረግሚኝ ይገባኛል፤ ስልኬን አላነሣም ብትይም አልፈርድብሽም። ስሙን ግን በጌጤም ቢሆን ላኪልኝ። አንድ ቀን እንኳ በገዛ ስሙ ይጸለይለት።

መድኃኔዓለም ያጽናሽ፣ ለእኔም ያቆይሽ። ጉልበትሽን ስሜያለሁ።

አንድ የቀረሁሽ ልጅሽ