በጨዋታ ስለዳነው ቦረቦር ለማዕከሉ ኃላፊ የቀረበ ምስጋና

መጋቢት 21 ቀን 2011 ዓ.ም.
ጫኖ

ለክቡር አቶ ዘካሪያስ፣
የወጣቶችና የተፈጥሮ ጥበቃ ማዕከላችን ኃላፊ፣
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከደጄ እስከ ቢሮዎ ያለው አንድ ኪሎ ሜትር መንገድ ድምፄን ሊያደርስልኝ ባለመቻሉ በአደባባይ ለመጻፍ ስለ ደፈርሁ አስቀድሜ ይቅርታዎን እየለመንሁ፣ እርስዎ፣ ባልደረቦችዎና አሥራ ሁለቱ ኮምፒውተሮችዎ በሙሉ ጤንነት እንደምትገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ሠላሳ አንድ ዓመት በመዝገብ ቤት ሹምነት አገልግዬ በጡረታ የተገለልሁ፣ ቤቴም ከጨንቻ ተዳፋት ሥር፣ በሪፖርትዎ «ሙሉ በሙሉ አገግሟል» በተባለው ቦረቦር አፍ ላይ የሚገኝ ሽማግሌ ነኝ። እግዚአብሔር ይመስገን እስከ ዛሬ በሕይወት አለሁ፤ የምጽፈውም ይህ ሁኔታ ሳይለወጥ ለመቅደም ነው።

አንደኛ፣ ስለ ጨዋታው አመሰግናለሁ። ልጆቻችን በየቅዳሜው በኮምፒውተር ላይ የተራቆተ ኮረብታ ተሰጥቷቸው ድንጋይ እየካቡ፣ ችግኝ እየተከሉ፣ ምንጭ ሲፈልቅና ወፍ ሲመለስ የሚያዩበትን ይህን ጨዋታ ለማየት የልጄ ልጅ ኖላዊት እጄን ይዛ ባስገባችኝ ጊዜ፣ እውነቱን ለመናገር፣ የመጣሁት ለመቆጣት ነበር። ነገር ግን ከግርጌው ችግኝ ልተክል ብሞክር ጎርፍ መጥቶ ጠረገውና ከመጀመሪያው አስጀመረኝ። ይህም ሦስት ጊዜ ሆነ። የአሥራ ሁለት ዓመቷ ኖላዊትም፣ «አባባ፣ መጀመሪያ ከላይ ነው የሚካበው፤ እሱ ሳያልቅ ምንም አይሰጥዎትም» ስትል አረመችኝ። በልጅነቴ የኔታ መዝሙረ ዳዊት ሲያስደግሙኝ አንዲት ቃል ብገድፍ እንዲሁ ከመጀመሪያው ያስጀምሩኝ ስለነበር ለመሣሪያው አክብሮት አደረብኝ። በማዕከልዎ ውስጥ ያላለቀ ሥራ አልቋል የማይል እርሱ ብቻ መሆኑን የተረዳሁት ግን ዘግይቼ ነው።

ሁለተኛ፣ ስለ ችግኞቹ አመሰግናለሁ። ልጆቹ የሚጫወቱበትን ኮረብታ የራሳችን እንዲመስላቸው በቦረቦራችን ስም ጠርተውታል፤ የተከሉትንም ብዛት በየሳምንቱ በማዕከሉ ግድግዳ ላይ ለጥፈዋል። የሩብ ዓመቱን ሪፖርት ያዘጋጀው ባልደረባዎም ከዚያው ግድግዳ ላይ አርባ አንድ ሺህ ሁለት መቶ ችግኝ፣ ሦስት የፈለቁ ምንጮችና አንድ የተደፈነ ቦረቦር ገልብጦ ወደ በላይ አካል ልኳል፤ እርስዎም ፈርመውበታል። አንድም አካፋ ሳይቆሽሽ ይህን ያህል ደን የተከለ ሰው በዘመኔ አላየሁም። እውነተኞቹ ችግኞች ግን በችግኝ ጣቢያው ሥሮቻቸው በፕላስቲክ ውስጥ እንደ ተጠቀለሉ ተራቸውን ይጠብቃሉ።

ሦስተኛ፣ ስለ መልስዎ ፍጥነት አመሰግናለሁ። ጎረቤቴ ኤርጫፎና እኔ የቦረቦሩን ራስ በድንጋይ ካብ ለማሰር ሽቦ እንዲሰጠን ባመለከትን በሦስተኛው ቀን፣ ቦታው ያገገመ በመሆኑ ሽቦው ለሌላ ቀበሌ መመደቡ ተገለጸልን። እንግዲያውስ ክረምቱ እስኪያልፍ የምንጠለልበት ይሰጠን ብንል፣ ካገገመ ቦታ ሰው አይነሳም ተባልን። ወጣቱ ሠራተኛዎ በትሕትና፣ «አባቶች፣ ሲስተሙ ላይ እኮ ጫካ ነው» ቢለን፣ ኤርጫፎ፣ «ታዲያ ከብቶቼን እዚያው ላሰማራቸዋ!» አለው። ሠራተኛዎ ሳቀ። ኤርጫፎ ግን አልሳቀም።

አራተኛ፣ ስለ ፎቶግራፉ። ለአገሩ አዲስ መሆንዎን በመገንዘብ አልቀየምሁም፤ ሆኖም በጋሞ ምድር ሽማግሌዎች እርጥብ ሳር ይዘው በሰው ፊት ሲንበረከኩ ትርጉሙ ልመና ነው፤ ልመናውንም ሰምቶ እንቢ የሚል የለም። ስድስት የመንደሩ ሽማግሌዎች ሳሩን ይዘን በደጅዎ በተንበረከክን ዕለት ግን እርስዎ በታላቅ ደስታ አንሥተውን፣ ሳሩን የተሃድሶው ፍሬ ነው ብለው ተቀብለውን፣ በመካከላችን ቆመው ፎቶግራፍ ተነሡ። ፎቶግራፉ ዛሬ በማዕከሉ መግቢያ ላይ «ማኅበረሰቡ ምስጋናውን ሲያቀርብ» ተብሎ ተሰቅሏል። ጉልበቴ ላይ ያለው አቧራ ጥርት ብሎ ይታያል።

ለሚቀጥለው ነገር ተራ ቁጥር አልሰጠውም፤ ፍርሃት በተራ ቁጥር ሲጻፍ አላየሁምና። ከቦረቦሩ ራስ በላይ መሬቱ ተሰንጥቋል። በጥር ወር ከዘራዬን ባስገባበት ጫፉን ብቻ ይውጠው ነበር፤ በየካቲት እስከ ወገቡ ገባ፤ ባለፈው ሰኞ እስከ እጀታው ገብቶ ታቹን አልነካም። የምንጫችን ውሃ ከረቡዕ ጀምሮ እንደ ጭቃ ደፍርሶ ይወርዳል። ኤርጫፎ ከብቶቹን ወደ አማቹ ዘንድ አሽሽቷል፤ እኔ የማሸሸው ኖላዊትን ነው፣ እናቷም አርባ ምንጭ ከተማ የምትሠራበት ቤት ልጅ አያስገባም። ስለዚህ ጫማዋን ሳታወልቅ እንድትተኛ አዝዣታለሁ። ለምን ብላ ብትጠይቀኝ፣ ለልጅ ዋሽቼ የማላውቅ ሰው፣ «ለብርዱ ነው» አልኋት። በጫኖ ሙቀት ብርድ እንደሌለ ታውቃለች፤ ሆኖም ሁልጊዜ የምትከራከረኝ ልጅ የጫማዋን ማሰሪያ አጠበቀች። ከስንጥቁ ይልቅ ያስፈራኝ ይህ ነው።

እንግዲህ በታላቅ ትሕትና የምለምንዎ አንድ ነገር ነው፤ ሪፖርቱን ያርሙልን። በስህተት በተጻፈው ላይ ቀይ መስመር አስምሮ፣ ከጎኑ «ታርሟል» ብሎ መፈረም ከአንድ ደቂቃ አይበልጥም፤ እኔ በአገልግሎት ዘመኔ ብዙ ጊዜ አድርጌዋለሁ፣ ከክብሬም የቀነሰብኝ ነገር የለም። ወረቀቱ ከታረመ ሽቦውን የሚከለክለን ምክንያት አይኖርም፤ ድንጋዩን እኛው ሽማግሌዎቹ እንሸከማለን፤ ከላይ ጀምሮ መካብ እንዳለበትም የምታሳየን ልጅ አለችን።

የሥራ ዘመንዎ እንደ ኮረብታዎ የለመለመ፣ ወንበርዎም ከኛ መሬት ይልቅ የጸና እንዲሆን እየተመኘሁ፣ ከቦረቦሩም ከክብርዎም በታች ሆኜ እጅ እነሣለሁ።

ሀብተጊዮርጊስ ሸዋንዳኝ
በሪፖርትዎ መሠረት፣ የጫካ ነዋሪ

ድኅረ ጽሑፍ፦ በጨዋታው ውስጥ ዝናብ የሚጠራ አንድ ቁልፍ አለ። ኖላዊት እንዳሳየችኝ፣ ካቡ ሳያልቅ ቢጫኑት «ገና ነው» ብሎ ይመልሳል እንጂ አንዲት ጠብታ አያወርድም። ይህን በመጻፍ ላይ ሳለሁ በጨንቻ በኩል ደመናው ጠቁሮ ወርዷል። ሰማዩ ሪፖርትዎን እንዳላነበበው ተስፋ አደርጋለሁ፤ አንብቦት እንደሆነ ግን፣ ኮረብታው አገግሟል ብሎ አምኖዎት፣ ዝናቡን ሳይሳሳ ይለቀዋል።