ያልተሰጠው ዳቦ

ዊኒፍሬድ እህቴ፣

የፖስታ ካርዱን የባሕር ሥዕል ገልብጪና ንዴቴን አንብቢ። እዚህ ሶልትቢ በየዓመቱ ገበያ መሃል የከተማዋ የሰባት መቶ ዓመት ግጥም ይነበባል። ከተማዋን የቆረቆረው ጀግና ከባሕር ማዶ በተሰበረ ጀልባ ሲደርስ ሕዝቡ «ዳቦ ስጡት!» ብሎ ይጮኻል፤ ዳቦውም በዕለቱ ለተገኘ እንግዳ ይሰጣል። ዘንድሮ ክራንስተን የሚባለው የኮሚቴው ሊቀመንበር ጀልባዋን ከነስንኞቿ ቆርጦ ጣላት! «የእንግሊዝ ጀግና እዚሁ እንግሊዝ ነው የሚወለደው» አለን፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ።

ዓሣ ሻጯ ሂልዳ «ታዲያ ከሰማይ ዱብ አለ በላ!» ብትለው፣ «አንቺ ዓሣሽን ሽጪ!» አላት።

እኛ አገር ቄሱ ከገናው ድራማ የበግ ሌባውን ገጸ ባሕርይ ሊያስወጡ ሲሉ አሻፈረን ብለን አልነበር? እዚህ ግን አጨበጨቡለት። ብቻዬን «ዳቦ ስጡት!» ብዬ ስጮኽ የገላመጠኝን ሰው ብታዪ!

ቦታ አለቀብኝ። እናታችንን ጉንጯን ሳሚልኝ፤ ጉልበቷ ተሻላት? ናፍቃችሁኛል። ዳቦውማ ለእንግዳ ሳይሰጥ ጠረጴዛ ላይ እንደተቀመጠ ከባሕሩ በኩል የመጣ ወፍ ይዞት በረረ። እሱን እንኳ ከየት መጣህ ያለው የለም።

ሙሪየል